መርፌ ያልነካው ሸክላ

አባቴን ሸክላ ሻጮች በሙሉ «መርማሪው» ይሉት ነበር። ሱቃቸው ሲገባ ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። የድሮ ጃዝ ሸክላ አንስቶ ከሽፋኑ ይመዝና በመስኮቱ ብርሃን ያጋድመዋል፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ከዚያ ሙዚቃው ካለቀበት እስከ መሀሉ ክብ ወረቀት ድረስ ያለችውን ባዶ ቦታ አፍጥጦ ያያል። የጥንቶቹ ሸክላዎች ላይ ሙዚቃውን የቀረጸው ባለሙያ እዚያች ቦታ በእጁ ምልክት ይጭር ነበር። ምልክቱ ከሌለ፣ ወይም የማሽን ጽሑፍ ከሆነ፣ አባቴ ሸክላውን መልሶ «ሞኝህን ፈልግ» ብሎ ይወጣል።

ይህን ሁሉ እኔንም አስተምሮኛል። እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ የደበዘዘ የሽፋን ፎቶ እለይ ነበር። ፎርጅድ ሠሪዎች ዋናው ቅጂ ስለሌላቸው ከሰው ቤት ካገኙት ሸክላ ላይ ነው የሚገለብጡት ይለኝ ነበር፤ ላዩ ልስልስ ብሎ አዲስ ቢመስልም፣ የዚያ የተገለበጠው ሸክላ ጭረት ሁሉ ድምፁ ውስጥ አብሮ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ደግሞ በእኛ ቤት መርፌ አይቀመጥም። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንግዳ ይዞት ቢመጣ እንኳ አይቀመጥም።

እናቴ ይህን ነገር እንደ በሽታ ነበር የምታየው። አንድ የትራምፔት ሸክላ ግን ነፍሷ ነበር። እኔን አርግዛ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ለብቻዋ ስትደንስ ጠረጴዛውን በሆዷ ገጨችውና መርፌው ተንሸራትቶ ሸክላውን ጫረው። ከዚያ ወዲህ ትራምፔቱ ሊገባ ሲል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በሌላ ሸክላ ላይ የጣት አሻራ ካየ ቤት የሚያፈርሰው አባቴ፣ ለዚያች ጭረት ሲሆን ፈገግ ይላል። ቦታው ሲደርስ የወንበሩን እጀታ በጣቱ አብሮ እየመታ፣ እናትና ልጅ ተባብራችሁ አበላሻችሁብኝ እያለ ይቀልድብን ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ቀልዱ ቀረ፤ እጀታውን መምታቱ ግን አልቀረም።

ያንን ሸክላ ነው እንግዲህ ሪዛሙ የምንለው ጓደኛው የተዋሰው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና ቤት ስቀይር ጠፋብኝ አለ። አባቴ ዳግም በራችንን አልከፈተለትም።

አባቴ ሳንባው ታሞ አልጋ ሲይዝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን ሙዚቃ ሰምቼ ልሙት አለኝ። በስልኬ ፈልጌ አገኘሁለት። ቦታው ሲደርስ ጣቱን አነሳ። ትራምፔቱ ጥርት ብሎ ገባ፤ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ዝጊው፣ ልጄ፤ ይሄ የእሷ አይደለም» አለኝ።

ሪዛሙ ሸጦት ከሆነ አንዱ ጋ ይኖራል ብዬ ያልረገጥኩት ሱቅ የለም። በመጨረሻ አንዱ አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ ሽፋኑን ከሩቅ አየሁት። መዝዤ ወደ ብርሃን አጋደምኩት። አንዲት ጭረት የለበትም፤ ባዶዋ ቦታ ላይ ያለው የማሽን ጽሑፍ ነው። ፎርጅድ። ሞኝህን ፈልግ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሌላ ምንም ስላልነበረኝ ይዤው ሄድኩ።

አባቴ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነበት።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ እንስማው። ማን ያየናል?»

«እኔ አያለሁ።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ግትር ነህ አልኩት። ወይ ፍንክች። ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጄን ያዘኝ።

«ዕድሜ ልኬን ሞኝህን ፈልግ ስል ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ ሞኙ እኔ ልሁን እንዴ?»

እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ሸክላውንም ቁም ሣጥኑ ጀርባ ወረወርኩት። አባቴ በዚያው ሳምንት አረፈ። እስከ መጨረሻው ጣቱ ብርድ ልብሱን ይመታ ነበር።

ለቀስተኛው ሄዶ ክፍሉን ሳጸዳ ያ ሸክላ እጄ ገባ። አናደደኝ። ሁሉም ነገር አናደደኝ፤ እሱም፣ ሕጉም፣ ባዶው አልጋም። በእልህ ማጫወቻው ላይ ጣልኩትና መርፌውን አስቀመጥኩበት። ከበሮው ሄደ፣ ፒያኖው ሄደ፣ እኔ የትራስ ልብስ አወልቃለሁ።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ትራምፔቱ ገባ።

ሸክላውን አንስቼ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ላዩ ልስልስ ነው፣ ምንም የለበትም። ጭረቱ ያለው ውስጡ፣ ድምፁ ውስጥ ነው። ሪዛሙ የእናቴን ሸክላ ለፎርጅድ ሠሪዎች ሰጥቶት ኖሯል፤ እነሱም ሲገለብጡት እሷንም አብረው ገልብጠዋታል። የተገለበጠው ሸክላ ጭረት አብሮ ይመጣል ብሎ ያሳደገኝ ራሱ አባቴ አልነበር? ሁለት አዋቂዎች አንድ ሸክላ በዓይንና በጣት መርምረን ፈረድንበት፤ አንዳችንም አልሰማነውም። እዚያው ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከአልጋው አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ፣ እናቴ ነበረች።

እየጮህኩ አለቀስኩ። በመጀመሪያ የሰደብኩት ሪዛሙን ነው፤ ቀጥሎ አባቴን። ሲወጣልኝ ሸክላውን መልሼ አስቀመጥኩና በወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታው ሲደርስ እጀታውን እኔ መታሁለት።