ከበሩ ወዲህ

መቱ ገበያ ማር ነጋዴውን ነዚፍን «ማሩ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ወዮለት! ዋጋውን ከመስማቱ በፊት የያዮን ጫካ፣ የንቡን ጠባይና የራሱን የነዚፍን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይሰማል። ሚስቱ ጀናት በዚህ ወሬው ስትስቅም ስትናደድም ኖራለች። የዛሬው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ውጭ አገር የተሰየመ ገለልተኛ ዓለም አቀፍ ችሎት ተወስደው ስለጠፉ ሰዎች ምስክር ሊሰማ ነው። የማንም መንግሥት ስላልሆነ ማንንም አያስርም፤ መርምሮ እውነቱን ለዓለም ይናገራል እንጂ። ለጀናት ይኼ ይበቃታል። ልጇን ኢክረማን የታጠቁ ሰዎች ወስደውት፣ በሄደችበት ሁሉ «እኛ ጋ የተያዘ ሰው የለም» እየተባለች ነው የተመለሰችው። አንድ ዳኛ «አዎ፣ ተወስዷል» ይበልላት። ያየው ደግሞ ነዚፍ ብቻ ነው፤ እሷ ያን ቀን ዳሪሙ ለቅሶ ሄዳ ነበር።

«ጋሼ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሯቸው፤ ሰዓቱ አጭር ነው» አለች ጠበቃዋ ቢሊሴ፣ ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተሯን እያስተካከለች።

ዳኞቹ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ነዚፍ ጉሮሮውን ጠረገና ኢክረማ ልጅ ሳለ ንብ ከንፈሩን ነድፋው ማሩን አልለቅም ማለቱን ተረከ። ቀጥሎ ስለዚያ ምሽት፤ ልጁ እግሩን ታጥቦ፣ እራት እየበላ መቀለዱን። በሩ መንኳኳቱ ላይ ሲደርስ ግን ተመልሶ ወደ ንቧ ሄደ። ቢሊሴ ሰዓቷን አየች። ጀናት ጨሰች። ይኼ ሰውዬ ዳኛ ፊትም አይተወውም!

«እና... በሩ ተንኳኳ» አለ ነዚፍ እንደገና፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ንቧ ደግሞ...»

ያኔ ለጀናት ገባት። እሱ ከበሩ ወዲህ እስካለ ድረስ ልጁ ቤት ነው፤ እራቱን እየበላ ነው። እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«አባ ኢክረማ፣ ክፈተው። አን ጅራ፤ እኔ አለሁ።»

ከፈተው። እነማን እንደገቡ፣ ምን እንደለበሱ፣ ኢክረማ በባዶ እግሩ ሲጎትቱት «አባ፣ ጫማዬን» ማለቱን፣ አንድም ቃል ሳያስረዝም ተናገረ። አንዷ ዳኛ መነጽሯን አውልቃ የሆነ ነገር አለች። «ሰምተናል፤ በውሳኔያችን ይሰፍራል» ብላ ቢሊሴ ተረጎመችላቸው።

በባጃጅ ሲመለሱ ሾፌሩ የማር ዋጋ ጠየቀው። ነዚፍ ዋጋውን ብቻ ነገረው። ጀናት ፈራች። ክንዱን አቀፈችና፣

«ያቺ ንብ የት ነበር የነደፈችው?» አለችው።

«ከንፈሩን ነዋ! ታውቂው የለ?»

«አላውቅም። ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ደግሞ እንዳታሳጥርብኝ።»