ዓሪፍ «አብሽር» ሲል

አቶ ሀይሉ መዝገቡን የከፈተልኝ አፍሮ አይደለም፤ ኮርቶ ነው። በዕድሜ አባቴን ስለሚያህል ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርበት። ወልድያ ዳር ላይ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ማዕከል ኃላፊ ነው። ወንድሜ ዓሪፍ እዚያ ስምንት ወር ኖሯል። አቶ ሀይሉ ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ አነበበልኝ። ሰኞ፣ ዓሪፍ ሲጠየቅ አብሽር ብሏል፣ ደስተኛ ነው። ማክሰኞ፣ አብሽር ብሏል፣ ሰላም ነው። እንዲህ እያለ ሃያ ሦስት ቀን።

ይህን ሲያነብልኝ ዓሪፍ ከጎኔ ቀኝ እግሩን ባዶውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጫማውን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ፣ ከአስር ደቂቃ በፊት፣ ልጠይቀው መጥቼ ሲያነክስ ባየሁት ጊዜ። ካልሲው ከአውራ ጣቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለኝ ውሃ እያፈሰስኩ ነው ያወጣሁት። ጣቱ ጠቁሯል። ሽታውን አልናገርም።

ዓሪፍ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እኔ ዘይነባ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ስሙ አዋቂ ማለት ነው፤ የመርሳ ጎረምሶች በዚህ ስንት ጊዜ ስቀውበታል። ቃላቱ ከሃያ አይበልጡም። ዕድሜውን ሙሉ ከእናታችን ጋር ኖረ፤ እሷ አኼራ ስትሄድ ለእኔ ቀረ። እኔ ደግሞ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። የምተኛውም፣ የምሰፋውም፣ የምተኩሰውም እዚያችው ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ በካውያው ተቃጠለ፤ አንድ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም ቸግሮኝ ወልድያ ወሰድኩት።

ቤቱን ላየው ያምራል። ግቢው በየጠዋቱ ይጠረጋል፤ ግድግዳው ላይ የእንግዶች ፎቶ ተደርድሯል። አስራ ዘጠኝ ሰው ይኖርበታል፤ ተንከባካቢዎቹ ሁለት ናቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ይላጫሉ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይበላሉ፣ የቀረውን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ ቡድን መጥቶ ለወንዶቹ ጥቁር ጫማ ሰጠ፤ ሁሉም አርባ ቁጥር። ዓሪፍ የሚያደርገው አርባ ሦስት ነው። እንግዳ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ ጫማው በነጋ በጠባ ከእግራቸው እንዳይወልቅ አቶ ሀይሉ አዘዘ። ለፎቶ የተደረገ ጫማ የወንድሜን ሥጋ በላው።

አሁን ስለ ቃሉ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ አብሽር የማይል ሰው የለም። አይዞህ ማለት ነው፣ አትስጋ ማለት ነው፣ እንዴት ነህ ላለም መልስ ይሆናል። ለታመመ እንላለን፣ ላዘነ እንላለን፣ በሬው ለጠፋበትም እንላለን። እናታችን ዓሪፍ በወደቀ፣ በተቃጠለ፣ ባተኮሰው ቁጥር ያመመውን ቦታ እያሸች «አብሽር፣ አብሽር» ትለው ነበር። እሱ ይህን ቃል ሲባልለት የሰማው ሲያመው ብቻ ነው። ስለዚህ ለዓሪፍ አብሽር ማለት ሕመም ማለት ሆነ። ጥርሱን ሲያመው ጉንጩን ይዞ ይመጣና አብሽር ይለናል፤ ሆዱን ሲቆርጠው ሆዱን ይዞ አብሽር ይላል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ያ መዝገብ ሲገለበጥ ይህ ነው። ሰኞ፣ ዓሪፍ አሞኛል ብሏል፣ ደስተኛ ነው። ማክሰኞ፣ አሞኛል ብሏል፣ ሰላም ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸ፤ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ጽፈው ፈረሙበት።

ለአቶ ሀይሉ ስነግረው መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። ታዲያ እኛ በምን እናውቃለን፣ ሰው አብሽር ካለ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፣ አገሩ የሚለው ይህንኑ ነው አለኝ። እሺ፣ ቃሉን አላወቃችሁም፤ ሲያነክስስ አላያችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አይተናል» አለ። «እንዲህ ዓይነት ሰው አረማመዱም እንዲሁ ነው ብለን ነው።»

እንዲህ ዓይነት ሰው። እኔ ባነክስ ጫማዬን የሚያስወልቀኝ ሰው አይጠፋም፤ አህያ እንኳ ስታነክስ ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ ኮቴዋን ያያል። ዓሪፍ ግን ቢያነክስ ከተፈጥሮው ነው፣ ዝም ቢል ከተፈጥሮው ነው፣ ቢበሰብስም ከተፈጥሮው ነው ሊሉኝ ነው። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግቢ ድረስ መሰማቱን ግን አውቃለሁ።

በሩ ላይ ብርሃኔ ቆማ ነበር። ከሁለቱ ተንከባካቢዎች አንዷ ናት፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ እጇ በበረኪና የነጣ ሴት። ጫማው እንደጠበበው ለአቶ ሀይሉ ነግራው ይለምደዋል እንዳላት አፍ አውጥታ ተናገረች። አቶ ሀይሉ መስኮቱን ያይ ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሳደርግለት አብሽር ይለኛል። ድካሜን አይቶ የሚያጽናናኝ እየመሰለኝ፣ አንተም አብሽር እለዋለሁ» አለች።

እሷን ልሰድባት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ዓሪፍን ደግፈን ባጃጅ ውስጥ ያስገባነው አብረን ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ ቁስሉን ገልጦ አየው። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እህቴ አለኝ። ጣቱ አይተርፍም፤ እግሩን ለማትረፍ ግን እንሞክራለን አለ። በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቱን ቆረጡት። እግሩ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

እሱ ውስጥ እያለ እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አቶ ሀይሉን ስረግም ቆየሁ። መርገሙ ሲያልቅብኝ የምረገም የቀረሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። በየጁምዓው ማዕከሉ እደውል ነበርኮ። ረመዳን ነው፣ ዒድ ደርሷል፣ የመርሳና የሐራ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል፤ ለሁለት ወር ሄጄ አላየሁትም፣ ግን እደውል ነበር። ብርሃኔ ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርግለታለች። ሦስት ጁምዓ በተከታታይ ዓሪፍ በስልክ አብሽር አለኝ። እኔም ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ፣ «አብሽር ወንድሜ» ብዬ ዘጋሁት። ደህና ነኝ ያለኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የዘጋሁት። ቃሉን ከእናቴ ጓዳ ይዤው ያደግሁት እኔ፣ እንደ ማንም ሰው ሰማሁት። አቶ ሀይሉ አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሲቀበሉት የሞላሁት ቅጽ ዕድሜውን፣ ሃይማኖቱን፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት ጠይቆኛል፤ ሲያመው ምን እንደሚል አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን ሆዴ አልቻለውም።

በስምንተኛው ቀን፣ ከሆስፒታል የወጣውን ዓሪፍን መርሳ ጎረቤት ዘንድ አስቀምጬ ልብሱን ልወስድ ወደ ማዕከሉ ሄድኩ። አቶ ሀይሉ ከልብሱ ጋር የታተመች ወረቀት አቀረበልኝ። «ወንድሜን በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» ትላለች። ሥርዓት ነው፣ ሁሉም የሚፈርመው ነው አለኝ።

«ጣቱንም ጨምረው ያስረክቡኝና እፈርማለሁ» አልኩት።

ወረቀቷን ወደ ራሱ ሳባት። ልብሱን ይዤ መውጣት እችል ነበር፤ ሚኒባሱም አላመለጠኝም። ግን ተቀመጥኩ። የቀሩት አስራ ስምንቱ ሲያማቸው ምን እንደሚሉ ይንገሩኝ አልኩት። እነሱ ደህና ናቸው አለ። ዓሪፍም በእርስዎ መዝገብ ደህና ነበር፤ ስለ አንዳቸው ብቻ ይንገሩኝና እሄዳለሁ አልኩት። ጣሪያ አየ፣ ብዕሩን አነሳ አስቀመጠ። ስለ አንዳቸውም የሚያውቀው የለም። ለየቤተሰባቸው ተደውሎ እስኪጠየቅ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሳም አልኩ። ስብሰባ አለኝ ብሎ ወጣ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ልማዱ ነው።

የቤተሰቦቹን ስልክ ቁጥር ከመሳቢያው ያወጣችው ብርሃኔ ናት። ከቀላሏ እንጀምር አለችኝ። ትዕግስት የምትባል ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ አለሚቱ ሲሪንቃ አጠገብ ነው የሚኖሩት። እሷስ ችግር የለባትም፣ ከቤቱ ሁሉ ደስተኛዋ እሷ ናት፣ ስቃ ነው የምትውለው አለች ብርሃኔ ቁጥሩን እየመታች። ስልኩን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ወይዘሮ አለሚቱ ከማዕከሉ መሆኑን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ልጄ ምን ሆነች አሉ። ምንም አልሆነችም፣ ለመዝገብ ብለን ነው፣ ሲያማት እንዴት እንደምታሳውቅ እንዲነግሩን ፈልገን ነው አለቻቸው ብርሃኔ።

ይህንን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አሉ።

«የኔ ልጅ አታለቅስም» አሉ። «ሲያማት ትስቃለች። ሕመሙ ሲጠናባትማ እንባዋ እስኪወርድ ነው የምትስቀው። ሳቅ ካበዛች ሐኪም ቤት አድርሱልኝ።»

ብርሃኔ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቴሌቪዥኑ ክፍል አየች። በሩ ክፍት ነበር። ስልኩም አልተዘጋም።

«ይሄ የማን ሳቅ ነው?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።