የኃይለየሱስ ሣር

ጎባ ውስጥ አቶ ኃይለየሱስን በስም የማያውቅ እንኳ ሣራቸውን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸውን ሰርዶ አለበሱት። በክረምት በየሳምንቱ በማጭድ ያስተካክሉታል፤ በበጋ ጠዋት ጠዋት በጎማ ያጠጡታል፤ የወደቀ ቅጠል ካዩ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ውርጩ ስለሚበረታ ሣሩ ገርጥቶ እስከ በልግ ዝናብ ይከርማል። በሌላ ጊዜ ይህ አያስጨንቃቸውም ነበር። ዘንድሮ ግን ልጃቸው ኤልሮኢ በጥር ልታገባ ነው፤ መልሱ የሚደገሰውም እዚያው ሣር ላይ ነው።

ቶሎ እንዲያምር ብለው ዩሪያ ማዳበሪያ ገዙ። ለባለቤታቸው ለሐመልማል እንኳ ሳይነግሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቁ መሬት ላይ በእፍኝ በእፍኝ በተኑት። የተረፈውን አጥሩ ሥር ደፉት። በማግስቱ ጤዛው አቀለጠው፤ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ግን አላጠጡትም። በሳምንቱ ሣሩ ገለባ መሰለ፤ አጥሩ ሥር ያለውማ ጭራሽ ነደደ።

ከአጥሩ ማዶ ረቢያ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች ሁለት ልጆች ታስተምራለች። የእጥበቷ ውሃ በአጥሩ ሥር ያልፋል። ኃይለየሱስ የነደደውን ሣር አዩ፤ ውሃውንም አዩ። ዩሪያው ትዝ ሳይላቸው ቀርቶ አይደለም። ትዝ ሲላቸው ሌላ ነገር ማሰብ መረጡ።

እሑድ የሰፈሩ እድር በተሰበሰበበት ብድግ አሉ።

«ይቺ ሴት በበረኪናዋ ሣሬን ገደለችው! ልጄን የምድርበትን ግቢ!»

ረቢያ ደነገጠች። «ወላሂ በረኪና የሚባል ነገር ቤቴ የለም። በሳሙና ብቻ ነው የማጥበው።»

«ታዲያ ሣሩ ራሱን ገደለ?»

ሰው ሳቀ። ረቢያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ከማግስቱ ጀምሮ አንሶላውን በጀርባዋ አዝላ ቶጎና ወንዝ መውረድ ያዘች። ኃይለየሱስ ከበረንዳቸው ሆነው ስትወርድ ያዩዋታል፤ ስትመለስም ያዩዋታል።

የመልሱ ቀን ከሮቤ ከመጡት እንግዶች መካከል የሙሽራው አጎት ጉርሜሳ ነበር፤ የስንዴ ባለሙያ ነው። ምግቡ እስኪቀርብ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና ቁጢጥ አለ።

«ኦቦ ኃይለየሱስ፣ ዩሪያ ምን ያህል ነው የበተኑት?»

«ኧረ የጎረቤት በረኪና ነው!» አለች ሐመልማል ፈጥና።

«አይደለም፤ የእጅ አበታተን ነው። እዩት፣ አንድ እርምጃ የነደደ፣ አንድ እርምጃ የተረፈ። ደግሞ እስከ በረንዳው ድረስ ደርሷል። ውሃ ሽቅብ አይወጣ!» ከልቡ ሊረዳቸው ነበር የፈለገው። «በውርጭ ጊዜ ሣር አያድግም፤ ማዳበሪያ አይሰጠውም። በልግ ሲገባ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ትንሽ ትንሽ ነው።»

ሐመልማል ትሪ እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች። ያን ሳቅ የሳቁት የእድር ሰዎች እዚያው ተቀምጠው እግር እግራቸውን ያያሉ። ረቢያ አልተጠራችም ነበር።

በማግስቱ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሄደው ጠበቋት። እርጥቡን አንሶላ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አገኟት።

«ረቢያ፣ ሣሩን ያቃጠልኩት እኔው ነኝ። ይቅር በይኝ። አምጪ፣ ልሸከምልሽ።»

ሸክሙን አላወረደችም። «ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ነው የሚሰጡኝ?» ብላ አልፋቸው ሄደች።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ኃይለየሱስ ተነሥተው ቆሙ። ዩሪያውን፣ ጥርጣሬያቸውን፣ እያወቁ ዝም ማለታቸውን፣ ሁሉንም ተናገሩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁባቸው ይሻላቸው ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አለች ረቢያ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል ኃይለየሱስ የሞተውን ሣር ነቅለው አዲስ ሰርዶ ተከሉ። ረቢያም እንደ ድሮዋ እቤቷ ማጠብ ጀመረች። ሲገናኙ ጤንነታቸውን ትጠይቃለች፤ ቆማ ግን አታወራም።

በግንቦት ግቢው ለመለመ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ «እንዴት ቢይዙት ነው እንዲህ ያማረው?» ሲላቸው፣ ድሮ ስለ ሣር ግማሽ ቀን ያወሩ የነበሩት ሰው «ዝናቡ ነው» ይሉና ወደ ቤት ይገባሉ።