የአራተኛው እግር ውፍረት

ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ባለው ቢሮ የመሐንዲሷ የማክዳ የሦስት ወር ፕሮቫ፣ የሙከራ ጊዜዋ፣ የሚያልቀው ዛሬ ነው። አለቃዋ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አድሪያቲክ ባሕር ላይ የቆመው አሮጌ የጋዝ ማውጫ መጪውን ክረምት ይችላል ብላ እስከ ቀትር እንድትፈርም። ሠላሳ ሰው ያድርበታል። ፈርማ ብትሳሳት ጦሱ ለእነሱ፣ አልፈርምም ብትል ለራሷ ነው።

ነገሩ አይወሳሰብም። የማውጫውን የብረት እግሮች ኮዜ የሚሉት የሚበላ ጥቁር ዛጎል ይወርሳቸዋል፤ ዛጎሉ በወፈረ ቁጥር ማዕበሉም አጥብቆ ይገፋቸዋል። የማውጫው ጠላቂ ዋናተኞች የላኩት የዛጎል ውፍረት ልኬት ሦስቱ እግሮች ላይ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይላል፤ አራተኛው ላይ ሁለት። ሁለት ብቻ! አንድ ባሕር ውስጥ ቆመው ምን ለያቸው?

«ዕድለኛ እግር ነው፣ ፈርሚ» ብሏት አለቃዋ ወደ ክፍሉ ገባ።

ይህን ጊዜ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ጠዋት ሾፌር ያመጣውን የሚያንጠባጥብ ከረጢት ከማቀዝቀዣው አውጥተው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ከች አሉ።

«አሎራ ልጄ፣ ይኼን የባሕር ጉድ ማን ነው ፍሪጎ ውስጥ የከተተው? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም!»

«እየነኩት እኮ ነው እትዬ።»

«በጓንት ነዋ!»

ከረጢቱን ኮዜ ሞልቶታል፤ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለሮማ ወዳጆቻችን፣ ከአራተኛው እግር። ፍረዝጊ።»

ማክዳ ክው አለች። ጋሽ ፍረዝጊ የጠላቂዎቹ አለቃ ናቸው፤ የምጽዋ ልጅ፣ ያገኙትን ለብቻቸው መብላት የማይሆንላቸው ሰው። ወዲያው ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ኮዜውን የለቀማችሁት ከመለካታችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነዋ» አሉ። «ወይኔ ጉዴ! ከመለኪያው ቦታ ላይ እኮ ነው የለቀምነው። ሰብቶ አሳሳን!»

«የቀረው እግርስ?»

«የቀረውማ እንደ ጎረቤቶቹ ነው። ስኩዛ ልጄ፣ ሆዳችን ነው ጉድ የሠራን።»

ማክዳ እየሳቀች ስልኩን ዘጋች፤ ሒሳቡን በአሥራ አምስት ስትደግመው ግን ሳቋ ቆመ። ማውጫው አላለፈም። ፈራች። ቢሆንም «ሳይጸዳ ክረምቱን አይችልም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችና ለአለቃዋ ወስዳ ሰጠችው።

አለቃዋ ሁለቴ አነበበው። ስልክ አንስቶ አራቱም እግሮች በዚሁ ሳምንት እንዲጸዱ አዘዘ። ከዚያ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ እያስገባ፣ ቀና እንኳ ሳይል፦

«ሰኞ እንዳታረፍጂ» አላት።