የከይሪያና የፋኢዛ አሥር ዓረፍተ ነገሮች

ሉቃስ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ለሦስተኛ ጊዜ አነበባቸው። አንደኛው የከይሪያ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ እሱ ራሱ እየተቆጣጠራት የጻፈችው። ሁለተኛው የፋኢዛ ነው፤ በዚያው ሰዓት ኮምቦልቻ ባለው ቅርንጫፍ፣ ባልደረባው ስለሺ ፊት የጻፈችው። ያን ጠዋት በሁለቱ ልጆች መካከል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነበረ። ወረቀቶቹ ግን ከስማቸው በቀር ልዩነት አልነበራቸውም።

ጥያቄው "ከሌላ ሰው ጋር ሆናችሁ የምትችሉትንና ሊሆን ይችላል የምትሉትን በካን፣ በኩድ፣ በሜይና በማይት አሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ" የሚል ነበር። ሁለቱም "የውኃውን በርሜል አብረን ማንሳት እንችላለን" ብለው ጀምረዋል። አራተኛው ላይ ሁለቱም "ልጆች ሳለን እስከ ገበያ ሳናርፍ መሄድ እንችል ነበር" ብለዋል። ሰባተኛው ላይ ሁለቱም የጎረቤታቸው አህያ ታሞ ሊሆን እንደሚችል ከጻፉ በኋላ፣ ቢ የምትለውን ያችኑ አንዲት ቃል ዘለዋል። ትክክሉ ቢመሳሰል ባልከፋ፤ ሉቃስን ከወንበሩ ያስነሳው ስህተቱ ነው።

ለስለሺ ደወለ።

"የፈተናውን ፖስታ ስንት ሰዓት ላይ ከፈትከው?"

"ልክ ሦስት ሰዓት። ሁሉም ፊት።"

"ሁሉም ማለት?"

"አሥራ አራቱም ተፈታኞች። ከፈለግህ ግድግዳውንም ጠይቀው።"

"ስልካቸውንስ ሰብስበሃል?"

"አንተ ምን ሆነሃል? እኔን ነው የጠረጠርከው?"

"ማንንም አልጠረጠርኩም።"

"በል እንግዲያው ስትጠረጥር ደውልልኝ" አለና ዘጋበት።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከዚህ ፈተና ካለፉት መካከል የምርት መስመር ኃላፊዎች ሊቀጥር ነው። የስም ዝርዝሩ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት፤ ስሙ የሌለበት አይቀጠርም። ሉቃስ ሁለቱን ስሞች ከዝርዝሩ አውጥቶ ለብቻቸው አስቀመጣቸው፤ የቀረውን ሐሙስ ለፋብሪካው እንዲልከው ለስለሺ ሰደደለት።

ክፍል ውስጥ ሲያስተምር፣ ካን በእጅ ያለ ነገር ነው፣ ማይት ግን ሰው ሊምልበት የማይደፍረው ምናልባት ነው ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያስበው ሁሉ በማይት የሚጀምር ሆነ። ተደዋውለው ሊሆን ይችላል። ስለሺ ጥያቄውን አስቀድሞ አሳይቷቸው ሊሆን ይችላል። ፋኢዛ ስለሺን ስታስቀው አንድ ቀን አይቷል፤ እሱም ሊሆን ይችላል። መመዝገቢያውን ሲያገላብጥ ደግሞ ሁለቱም ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ አገኘ። ከይሪያ ደሴ የተፈተነችው ሆስፒታል የተኛች እናቷን ልታስታምም ለአንድ ቀን መጥታ ነው። ይህም ቢሆን አሁን ሰበብ መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ግቢውን ሲያገኘው አራት ሰዓት አልፏል። የቆርቆሮውን በር ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ እንዳነሣ ቀረ። ከውስጥ ሁለት ድምፆች በአንድ ዜማ፣ ሳይቀዳደሙ፣ "ዊ ካን… ዊ ኩድ…" ይላሉ። ድንገት አንደኛዋ ተሰናከለች። ሁለቱም አቋረጡ። ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ከውኃው በርሜል ጀመሩ።

አንኳኳ። ከይሪያ ከፍታ ስታየው በእጇ የያዘችውን ደብተር ከነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው።

"ለምን ደበቅሽው?" አለ ሰላምታውን ረስቶ።

"መምህር… እናቴ ደኅና ናት?"

"ስለ እናትሽ አላውቅም። ደብተሩን አምጪው።"

ፋኢዛ ከኋላ ብቅ አለች። "ወላሂ፣ ሰው እንደዚህ አይገባም፤ እንደ ፖሊስ! ስጪው፣ ከይሪያ። የሚደበቀው ጽሑፉ ስለሚያስጠላ ነው።"

ሉቃስ ደብተሩን ከፈተው። ዓረፍተ ነገሮቹ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ስልሳ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር እሱ የያዛቸው ናቸው፤ አህያውም ሰባተኛው ላይ ቆሟል።

"ከሁለት መቶ ስልሳ ውስጥ ሁለታችሁም እነዚህኑ አሥሩን መረጣችሁ?"

"አልመረጥንም" አለች ከይሪያ። "አሥር ጻፉ አሉን፤ ከአንድ ጀምረን አሥር ላይ አቆምን።"

"ከመሐል ለምን አልወሰዳችሁም?"

ከይሪያ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆነባት። "በቃል የሐፈዙት ነገር ከመሐል ይጀመራል እንዴ?"

ከዚያ አስረዳችው፤ አባቷ ሼህ ጁነይድ ቢስቲማ ከተማ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩት፣ በቃል የሚያስጠኑት፣ ሁለት ሁለት አድርገው ነው። አንዱ ይላል፣ አንዱ ይሰማል። የሚለው ከሳተ፣ የሰማውም አብሮ ከአንድ ይጀምራል፤ ጓደኛውን በደንብ አልሰማውም ማለት ነዋ። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዙት። ፋኢዛ ታወራለች፣ ከይሪያ ትጽፋለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይቀሩታል። ሉቃስ የመጋቢ ልጅ ነው፤ የመድረሳ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሰማ፤ ግን አላመነም። ይህንንም አብረው አጥንተውት ሊሆን ይችላል።

"በቃል መያዝና መቻል ይለያያሉ" አለ። "ሌላ ጥያቄ እሰጣችኋለሁ። ፋኢዛ ውጭ፣ አንቺ እዚህ።"

"እኛን ብቻ ነው ዳግመኛ የሚፈትኑት ወይስ ሁሉንም?" አለች ፋኢዛ።

ሉቃስ ከደብተሩ ወረቀት ቀደደና ጻፈ፤ "ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ መኪና ቀረ። ሁለታችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ምንስ ሊሆን ይችላል?"

ፋኢዛ ግቢው ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰች። ባጃጅ መጋራት እንችላለን፣ አለቃው ሊቆጣ ይችላል፣ ብላ ሦስት ቦታ ተሳስታለች። ከይሪያ ግን ብዕሩን ይዛ ቀረች። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሉቃስ በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ወረቀት ሲያይ፣ ይኸው ብሎ በልቡ ሊፈርድ ተቃረበ። ደስ ሊለው እንደነበረም ተሰማው፤ ያ አስደነገጠው።

ከዚያ ከይሪያ አቀረቀረችና ቀስ እያለች ጻፈች። "በእግር መሄድ እንችላለን። ፋኢዛ ፈጣን ስለሆነች ቀድማ ደርሳ ልትናገርልኝ ትችላለች። አለቃው ራሱ ሰርቪሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል።"

ሉቃስ ሳያስበው ሳቀ። ይህን ማንም አላስቀራትም።

ለስለሺ ደወለ። "ሁለት ስም ጨምርና ዝርዝሩን ላከው። ከይሪያና ፋኢዛ።"

"መጀመሪያ ስለ ፖስታው።"

"ፖስታው ምንም አልሆነም።"

"እኔስ?"

"ስለሺ፣ ሰዓት የለንም።"

"ወንድሜ፣ እኔ ሰዓት አለኝ።"

ልጆቹ እያዩት ነበር። "ጠርጥሬህ ነበር" አለ። "ሁለቱን ልጆችም ጠርጥሬ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"የስማቸውን ፊደል ንገረኝ" አለ ስለሺ።

ሉቃስ ስሞቹን ከነአባቶቻቸው ፊደል በፊደል ነገረው። ጥቂት ቆይቶ የተላከው ዝርዝር ስልኩ ላይ ገባ።

"ተልኳል" አለ፣ ቦርሳውን እያነሣ።

"እስኪ ስልክዎን ያሳዩኝ" አለች ፋኢዛ።

ሰጣት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ ከይሪያ ተቀብላ አነበበችው። ፋኢዛ ስልኩን መልሳ ወሰደችና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

"ከፋብሪካው ደርሶናል የሚል መልስ ይምጣ፣ ከዚያ እሰጥዎታለሁ" አለች።

ሉቃስ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።