ባሌን ነሐስ አደረጉት

ማሴዶኒዮን ለሐውልቱ የመረጡት በፊቱ ነው። ከሜክሲኮ ከተማ የመጣው ቀራጺ ገበያ ላይ ባቄላ ሲሸጥ አየውና ዙሪያውን ይዞረው ጀመር። አገጩን በጣቱ ቀና አደረገው፣ ጉንጩን በብረት መለኪያ ለካው።

«ንጹህ ነው» አለው ለከንቲባው። «እስፔኖች ሳይመጡ በፊት የነበረው ሰው ይህ ነው።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስለ በሬ የሚነጋገሩ ነው የመሰለኝ።

ከንቲባው ጄኔራል ላስካኖ ይባላል። ጄኔራል ይበሉት እንጂ እኛ ስንዋጋ የት እንደነበረ እናውቃለን። አባቱ የአገዳ እርሻው ጌታ ነበር፤ አባቴን በጅራፍ አስገርፎታል። አብዮቱ ሲነሳ እኔና ማሴዶኒዮ ከደቡብ ጦር ጋር ወጣን። ጥይት ከበቆሎ ቂጣ ስር ደብቄ በመንግሥት ወታደሮች መሃል አልፌያለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን ዋሻ ውስጥ ወልጄ እዚያው ቀብሬያለሁ። ላስካኖ ማን እንደሚያሸንፍ ከለየ በኋላ የወታደር ልብስ አሰፍቶ መጣ። ሰላም ሲሆን መሬቱ ለመንደራችሁ ተመልሷል ተባልን፤ አጨበጨብን። ውሃው ግን የሚመጣው በስኳር ፋብሪካው ቦይ ነው፣ ፋብሪካው ደግሞ የላስካኖ ነው። የቦዩን በር ቆለፈው። የደረቅ መሬት ጌቶች ሆንን።

ስለዚህ ማሴዶኒዮ ለሐውልቱ ቁም ሲሉት ገንዘብ አልጠየቀም። «የውሃውን በር ይክፈቱልን» አለ።

ላስካኖ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ሐውልቱ በተመረቀ ማግስት ይከፈታል። የወታደር ቃል ነው።»

ወገቡ ላይ ጨርቅ አስረውለት፣ የቀረው ገላው እንደተራቆተ፣ ለሳምንታት በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተገተረ። ሲመጣ ያበጠ እግሩን በሞቀ ውሃ አሽለታለሁ።

«ዛሬስ ቀራጺው ምን አለህ?»

«ተቆጣ አለኝ። እስፔኖቹን እንዳየህ ሆነህ ተቆጣ።»

«አንተስ?»

«እስፔን አይቼ አላውቅም ጌታዬ፣ ላስካኖን ባስብ ይሆናል ወይ? አልኩት።» ሳቀ። «ትንሽ ቆይቶ፣ በቃ እንደሱ፣ እንዳትንቀሳቀስ አለኝ።»

ለምረቃው ቀን የአቡጄዲ ሱሪውንና ሸሚዙን ደጋግሜ አጠብኩ። ከመንደራችን ብዙ ሰው አብሮን ወደ ከተማ ወረደ፤ የራሳችን ሰው ሊመረቅ ነው። አደባባዩ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል፣ ፖሊስ ቆሟል። ፖሊሱ ፊደንሲዮ ነው፤ የሁለተኛው ልጃችን የክርስትና አባት።

«አበልጄ፣ በአቡጄዲና በባዶ እግር ዛሬ መግባት አይቻልም» አለው ማሴዶኒዮን። የተናገረው በስፓኒሽ ነው፤ አፉን የፈታበትን ናዋትል ትቶ። «አገረ ገዥው መጥቷል። የውጭ አገር ፎቶ አንሺዎች አሉ። የሰለጠነ ከተማ መምሰል አለብን አሉ። ሱሪና ጫማ ተዋስና ና።»

ማሴዶኒዮ በናዋትል መለሰለት። «እዚያ ሸራው ስር ያለው እኮ እኔ ነኝ። እሱ ሱሪ ለብሷል እንዴ?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። ፊደንሲዮ አልሳቀም። «ታዝዤ ነው። እንጀራዬን አትዝጋብኝ» አለ፣ አሁንም በስፓኒሽ።

ማሴዶኒዮ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አቀማመጡን ሳይ ደሜ ፈላ። በጦርነቱ ጊዜ መድፍ እንኳ እንደዚያ አላስቀመጠውም።

«አንቺ ግቢ» አለኝ። «እመስል እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ።»

አበባ የያዙ ሴቶችን ያሳልፉ ነበር፤ ለፎቶ እናምራለን። ከአንዷ እቅፍ አበባ ተቀብዬ ገባሁ። ሸራው ሲወርድ ባሌ ከላይ ቁልቁል አየኝ። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። የላስካኖ አባት ዘበኛ በዱላ የፈነከተው እዚያ ላይ ነው። እስፔኖች ሳይመጡ በፊት የነበረው ሰው እንግዲህ ያችን ጠባሳ ይዞ ቆሟል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

ላስካኖ ንግግር ጀመረ። «ሁላችንም የዚህ ኢንዲዮ ልጆች ነን» አለ። ኢንዲዮ፣ ገበያ ላይ ሲሰድቡን የሚጠሩን ነው። «የእስፔን ደምና የኢንዲዮ ደም ተዋሕዶ አንድ ሜክሲኳዊ ተወለደ። አብዮታችን ይህን አባት ከወደቀበት አንስቶ አከበረው።»

ደሙ እንዴት እንደተዋሐደ አላነሳም። አያቴ ብትኖር ትነግረው ነበር። ልብስ ልታጥብ ጌቶች ቤት ገብታ አርግዛ ነው የወጣችው። የኔ ዓይን ከላስካኖ ዓይን ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው በተአምር አይደለም።

ንግግሩ ሲያልቅ ወደ መድረኩ ሄድኩ። «ጄኔራል፣ የማሴዶኒዮ ሚስት ነኝ። በሩን ነገ ይከፍቱልናል?»

ፈገግ ብሎ ወደ አገረ ገዥው ዞረ። «ደስታ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው። ፎቶ አንሺ፣ ከነአበባዋ አንሳት።»

«ስለ ውሃው ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሴትዮ፣ ዛሬ በዓል ነው። ፋብሪካው የሚሠራው ለአገር ነው። አገር ትጎዳ ነው የምትይው?»

«አባትህም መሬታችንን ሲወስድ ለአገር ነው ብሎ ነበር» አልኩት። አንቱታውን እዚያው ጣልኩት።

አበባውን ወርውሬ ሐውልቱ የቆመበት ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሻርፔን ከትከሻዬ ፈትቼ የሐውልቱን ፊት ጠቀለልኩት፣ ከኋላ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። መጀመሪያ በናዋትል፣ ቀጥሎ በስፓኒሽ ተናገርኩ። «ይህ ፊት የተሰጣችሁ በውሃ ነው። ውሃውን ከከለከላችሁን ፊቱን አታዩትም።»

ፖሊሶች እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። አፌ ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ፤ የፊት ጥርሶቼ ረገፉ። ማሴዶኒዮ ይህን ከገመዱ ማዶ አየ። ሲነሳ አቡጄዲ የለበሰው ሁሉ አብሮት ተነሳ። ፊደንሲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አደባባዩ ነጭ በነጭ ሆነ፣ ፖሊሶቹም ለቀቁኝ። ማንንም አልመታንም። ቀጥ ብለን ወደ ቦዩ ወጣን፣ ቁልፉን በዶማ ሰበርነው። ውሃው ወደ መሬታችን ሲወርድ ሽማግሌዎች ከነልብሳቸው ገቡበት።

ወታደር ለመምጣት አልዘገየም። ናሳሪዮ የሚባል ጎረቤታችን እዚያው ቦዩ ዳር ተገደለ። ማሴዶኒዮን አስረው ወሰዱት፤ ሲመለስ የጉንጩ አጥንት በሰደፍ ተሰብሮ የአንድ ዓይኑ ቆብ ወደ ታች ወርዶ ነበር። በሩ ተቆለፈ፣ ሰበርነው፣ ተቆለፈ። ሌሎች መንደሮች ተቀላቀሉን። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥት ውሃውን በተራ አደረገው፤ እኩሌታው ለኛ፣ እኩሌታው ለፋብሪካው። ላስካኖ በማንም ሳይጠየቅ ሴናተር ሆነ፣ አልጋው ላይ ሞተ።

ማሴዶኒዮ የሞተው አምና ነው። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ልጆቹን ወደ ሐውልቱ ወስደዋቸው፣ ያ አያቴ ነው ብትል መምህርቷ ከልጆቹ ጋር ሳቀችባት። በማግስቱ ሄድኩ።

«እማማ፣ እሱ የጥንት ጦረኛ ነው» አለችኝ መምህርቷ በትሕትና። «ከእስፔኖች ጋር ሲዋጋ የሞተ። የሁላችንም ተምሳሌት ነው።»

«የተዋጋው ከላስካኖ ጋር ነው። የሞተውም አምና፣ በሳል ታሞ። እኔ ተምሳሌት አላገባሁም።»

«ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ልጆቹ እየሰሙ ነው።»

እንዲሰሙ ነው የመጣሁት አልኳት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።