በመንገድ ሙሉ ቀን፣ በአየር ግማሽ ሰዓት

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አውሮፕላን ግን ብሞት አልሳፈርም ባይ ነበር። "መሬት ያልነካ ጎማ ምኑ ይታመናል" ይላቸዋል የሚያሾፉበትን።

መቼም ልጅ የማታስደርገው የለም። ሌላ ከተማ የምትኖረው አንዲት ልጁ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት፤ ከነገ ወዲያ ነው ተብሎ እሱም በአውቶቡስ ሊሄድ ተሰናድቷል። ጠዋት ደወለችለት።

"አባዬ፣ ዶክተሩ ዛሬ ከሰዓት ትገቢያለሽ አለኝ። አንተን ሳላይ ግን አልገባም።"

እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእሱ በቀር ሰው የላትም። እልኸኛ ናት፤ አልገባም ካለች አትገባም። ተራዋ ካለፈ ደግሞ ቀጣዩ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ነው፤ ልቧ ያን ያህል ይታገሣት እንደሆነ ማን ያውቃል? በመንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ እያማተበ ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ገባ።

ገና ስትነሳ ዓይኑን ጨፈነ። የወንበሩን መደገፊያ እንደ መሪ ጨብጦ የሚያውቀውን መንገድ በሐሳቡ ይነዳ ጀመር። የከተማውን መውጫ አለፈ፣ ጋራው ሥር ማርሽ ቀነሰ፣ ጠመዝማዛውን ያዘ። ዳገቱን ሳያጋምስ አውሮፕላኗ አረፈች። ሰው ሲነሳ፣ ዕቃ ሲያወርድ ይሰማዋል። ለቁርስ ነው የቆምነው ብሎ ንቅንቅ አላለም።

አስተናጋጇ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚያልፉትን መንገደኞች ስትቆጥር አንድ ሰው ተረፋት።

"አባባ፣ እርስዎ የት ነው የሚወርዱት?"

ነገራት።

"ደርሰናል እኮ። ይኸው ነው።"

"ተይ ልጄ፣ አትቀልጂብኝ። ጸጉሬን ያሸበትኩበት መንገድ ነው። አራት መቶ ኪሎሜትር ነው፤ ገና ዳገቱንም አልጨረስን።"

"እሱ ጋራውን ሲዞሩት ነው። እኛ በላዩ ነው ያለፍነው፤ በአየር መቶ ሃምሳም አይሞላ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።"

በመስኮት ቢያይ የከተማው የውሃ ማማ ፊቱ ተገትሯል። ወይ ጉድ፣ በሩን ሊዘጉት ነበር። ዘሎ ተነስቶ ወረደ፤ ሻንጣውን አስተናጋጇ ናት እየሮጠች ያደረሰችለት።

ሆስፒታል ሲደርስ ልጁ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆና ከነርሷ ጋር ትከራከራለች። አባቷን ስታይ ክርክሩን ተወችው።

"በምን መጣህ?"

"በአውሮፕላን።"

"አንተ?"

"እኔ።"

"አልፈራህም?"

"ነፍሴ ወጥታ ነው የገባችው።"

ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ጥርሷ አልታየም ነበር። "እኔም ፈርቼ ነበር" አለችና እጁን ጨብጣ ለቀቀችው። "በሉ፣ አስገቡኝ።"

አመሻሹ ላይ ዶክተሩ ወጥቶ በሰላም አልቋል አለው። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፎ ተመስገን፣ ተመስገን ሲል ቆየ። ያም ሆኖ ድምጿን እስኪሰማ አላመነም። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፈገግ ብላ መጣች።

"ነቅታለች። አባቴ ሲመለስ በአውቶቡስ ይሂድ፣ እንዳትጨክኑበት እያለች ነው።"

ሹፌሩ ሳቅና ዕንባ ተቀላቀሉበት።

"እሷ ትዳንልኝ እንጂ" አለ፣ "እኔ በየቀኑም እበራለሁ።"